አባቴ በኮሪያ ያነገቱትን ካርባይን አዲስ የተሠራውን ልግዛ ወይስ የድሮውን?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የሚኖሩት በቨርጂኒያ ነው። አባታቸው ከ2ኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ተመልሰዋል፤ ኤም 1 ካርባይን የሚባለውን አጭርና ቀላል የአሜሪካ ሠራዊት ጠመንጃ በትከሻቸው አንግተው የተነሱት ፎቶ እስከ ዛሬ ሳሎን ተሰቅሏል። ልጅየው ያንን የመሰለ ጠመንጃ ገዝተው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ዒላማ ሊተኩሱበት፣ ኋላም ለልጃቸው ሊያወርሱት አስበዋል። ያገኙት ሦስት ነው። አንዱ ዘንድሮ ከፋብሪካ የወጣ ቅጂ፣ በ1,250 ዶላር። ሌላው ኢንላንድ የሚባለው ፋብሪካ በ1943 የሠራው፣ ክፍሎቹ የተቀላቀሉ፣ በ1,600። ሦስተኛው ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ ተሰብስበው ወደ አሜሪካ ከገቡት አንዱ፣ እንጨቱ የተሰነጠቀ፣ በ1,050። «የትኛው ነው ዋጋውን የሚይዝልኝ? አዲሱን ብገዛ ገንዘቤን መጣል ይሆናል?» ብለው ጽፈዋል። የሦስቱንም ፎቶ፣ ከአባታቸው ፎቶ ጋር፣ አያይዘው ልከውልኛል።

የአባትዎን ነፍስ ይማር። መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አዲሱ ቅጂ ገንዘብ መጣል አይደለም፤ በደንብ የተሠራ ከሆነ ከሦስቱ ያለ ሐሳብ የሚተኩሱበት እሱን ነው። ነገር ግን እዚያ ላይ 1,250 ዶላር የሚከፍሉት ለሚተኩስ ብረት ብቻ ነው፤ ከፎቶው ጋር የሚያገናኘው መልኩ ነው፣ እሱም ቢሆን እንደሚታየው በሙሉ አይደለም። የጻፉልኝን ደጋግሜ ሳነበው እርስዎ የሚፈልጉት ከቀሩት ከሁለቱ አንዱን ይመስለኛል። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጠመንጃዎቹ ላይ የተመታውም እሱ ስለሆነ።)

ከገንዘቡ ልጀምር። ቅጂ ፋብሪካው እየሠራ እስካለ ድረስ የሱቁ ዋጋ ጣሪያው ነው። ዛሬ በ1,250 ገዝተው ከአምስት ዓመት በኋላ ሊሸጡት ቢያወጡት፣ ገዢው ከነካርቶኑ፣ ከነዋስትናው አዲስ ማግኘት እየቻለ ለእርስዎ ያንኑ ያህል የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ንጹሕ አድርገው ቢይዙትም ቅሉ ከሱቁ ዋጋ በታች ነው የሚሸጡት፤ የእርስዎ ዋጋ የሚጨምረው የሱቁ ሲጨምር ብቻ ነው። የጦርነቱ ጊዜ ካርባይን ግን ይህ ጣሪያ የለበትም። ከ1942 እስከ 1945 ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ ሥራው ቆመ። ከዚያ ወዲህ የሚቃጠል፣ የሚዝግ፣ የሚቆረጥ አለ እንጂ የሚጨመር የለም።

«ቅጂውን የሚሠራው ፋብሪካ ቢዘጋስ? ያኔ አይወደድም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ሁለቱንም ዓይነት አይቻለሁ። ፍሎሪዳ የነበረው ዩኒቨርሳል የሚባል ፋብሪካ በ1960ዎቹ ካርባይን ሲሠራ መጀመሪያ ከሠራዊቱ የተረፉ ክፍሎችን ይጠቀም ነበር። ክፍሎቹ እየተመናመኑ ሲሄዱ ንድፉን በራሱ መንገድ ቀየረው፤ አንድ የነበረውን የመመለሻ ሞላ እንኳ ሁለት አደረገው። ዛሬ ከነዚያ ከኋለኞቹ አንዱ እጄ ሲገባ ከልቤ አዝናለሁ። የተሰበረበትን ክፍል የሠራዊቱ ዕቃ አይተካለትም፣ የራሱን የሚሠራ ፋብሪካም ከተዘጋ ቆይቷል። ተሰብሮ የሚቀር ጠመንጃ ብርቅ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አያወጣም።

በሌላ በኩል በእንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም፣ ፓርከር-ሄል የሚባል ቤት በ1970ዎቹ የ1853ቱን ኤንፊልድ ጠመንጃ እንደገና ሠርቶ ነበር። ያ ኤንፊልድ ኋላ ከኋላው የሚጎርስ ሆኖ ሲለወጥ አያቶቻችን «ሰናድር» ያሉት ነው። ፓርከር-ሄል ከአሮጌ ጠመንጃ ላይ ልክ ወስዶ አልገመተም፤ በመንግሥት እጅ ተጠብቀው የነበሩትን የጥንት መለኪያዎች ተከትሎ ነው የሠራው። በርሚንግሃም የተሠሩትን ተኳሾች ዛሬም እየፈለጉ ይገዟቸዋል። በኋላ ያው ስም ጣሊያን ውስጥ በተሠሩት ላይ ሲመታ ግን ገዢዎች ስሙን ሳይሆን የት እንደተሠራ መጠየቅ ጀመሩ። ስለዚህ ቅጂ ከፋብሪካው በኋላም ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ የሚኖረው ግን ልኩ ከኦሪጅናሉ ልክ ጋር ገጥሞ፣ የኦሪጅናሉን ክፍል የሚቀበል ሲሆን ነው።

ለዚህ ነው አዲስ ለሚገዙ ሰዎች ሁሉ ከቀለሙና ከእንጨቱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ የምላቸው። የመጀመሪያው፣ የሠራዊቱ ክፍል ሳይሞረድ ይገጥማል ወይ? ቦልቱ (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት)፣ ማቀባበያው፣ የቃታው ቤት፣ ካዝናው። ይገጥማል ከተባለ ጠመንጃው ፋብሪካው ቢዘጋም አይሞትም። ሁለተኛው ሪሲቨሩ ነው። ሪሲቨር ማለት አፈሙዙም፣ ቦልቱም፣ ሌላውም ሁሉ የሚያያዝበት ዋናው ብረት ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ጠመንጃ የሚባለውም እሱ ነው፣ ሌላው ዕቃ ነው። የሠራዊቱ ሪሲቨር የጋለ ብረት ተቀጥቅጦ፣ ከዚያ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ከአዲሶቹ አንዳንዶቹ ግን ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። የፈሰሰ ሁሉ ደካማ ነው የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ሩገር የሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ፋብሪካ ለአሥርታት የፈሰሰ ብረት ሲጠቀም ኖሯል፣ ጠመንጃዎቹም ጠንካራ ናቸው። የካርባይን ጥይትም ጉልበቱ መጠነኛ ነው። ነገር ግን በዋጋ በኩል ሰብሳቢው በተቀጠቀጠው ላይ ይጨምራል፣ በፈሰሰው ላይ ይቀንሳል፤ ይህን አውቀው ይግዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ልቤን ስለሚያቆስለው እዚህ ልጻፈው። በኦሃዮ፣ ዴይተን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የጥንቱን የኢንላንድን ስም ይዞ ቅጂ የሠራ ፋብሪካ ነበር። ከላይ የሚታየውን ጽሑፍ እንደ ድሮው አድርጎ፣ አዲስነቱን የሚናገረውን ምልክት ደግሞ እንጨቱ ከሚሸፍነው ከሥር በኩል መታው፤ ማንም እንደ ኦሪጅናል እንዳይሸጠው። የጨዋ ሥራ ነው። አንድ ቀን አንድ ወንድማችን «የ1944 ነው» ተብሎ የተሸጠለትን ካርባይን ለእድሳት አመጣልኝ። ከላይ ሲያዩት ቀለሙ ፈዟል፣ እንጨቱ ተጭሯል፣ የዘይት ሽታ አለው። የፊቱን ቀለበት አላልቼ እንጨቱን ሳወጣና አፈሙዙን ገልብጬ መብራት ሥር ሳደርገው፣ ምልክቱ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ የሞረድ ጭረት አገኘሁ። ጭረቱ ነጭ ነበር፣ ገና ዝገት እንኳ አልያዘም። የሰውየውን ፊት እስካሁን አልረሳሁም። የከፈለበት ዋጋ የቅጂውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጠመንጃው በራሱ ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ያረከሰው የልደት ቀኑን የፋቀው ሰው ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን፣ ኢንላንዱን፣ እንጨቱ ወጥቶ ሳያዩት ገንዘብ አይስጡ። ሻጩ እንጨቱን ለማውጣት እምቢ ካለ ትተውት ይውጡ።

አሁን ወደ ፎቶው እንሂድ፤ ለእኔ የጥያቄዎ ዋናው እዚህ ላይ ነው።

ሰብሳቢዎች «የተቀላቀለ» ሲሉ ዋጋ የሚቀንሱበትን ቃል እየተጠቀሙ ነው። የኢንላንድ ሪሲቨር፣ የሌላ ፋብሪካ ቦልት፣ የሌላ ፋብሪካ እንጨት ማለታቸው ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ካርባይንን 10 ዋና ተቋራጮች ሠርተውታል። ከእነሱ መካከል የጠመንጃ ሙያ የነበረው ዊንቸስተር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ኢንላንድ የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ነበር፤ አንደርውድ የጽሕፈት መኪና ይሠራ ነበር፤ ሮክ-ኦላ የሙዚቃ ሳጥን፤ አይ.ቢ.ኤም ደግሞ ያው አይ.ቢ.ኤም ነው። ሥራው እንዳይቆም አንዱ ያጠረውን ክፍል ሌላው ያበድረው ነበር። የአንደርውድ አፈሙዝ በሌላ ፋብሪካ ካርባይን ላይ ቢያገኙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደዚያ የወጣ ሊሆን ይችላል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሠራዊቱ ካርባይኖቹን በየመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ሰብስቦ ፈታታቸው፣ ፈተሻቸው፣ ያረጀውን ለወጠ፣ ከየክምሩ እያነሳ መልሶ ገጠማቸው። ክፍሎቹ የማን እንደሆኑ የጠየቀ አልነበረም። በዚያው ጊዜ ቀላሉ የኋላ ማነጣጠሪያ በሚስተካከለው ተተካ፤ የደህንነት ቁልፉ የሚጫነው ቀርቶ የሚዞረው ገባ፤ ከአፈሙዙ ጫፍ አጠገብ የሳንጃ መግጠሚያ ያለው ቀለበት ታሰረ። እነዚህ እድሳት የተደረገላቸው ጠመንጃዎች እንጨት ላይ የግምጃ ቤቱ ምልክት ተመትቶ ይገኛል፤ ለኦገስታ ሁለት «ኤ»፣ ለሮክ አይላንድ «አር አይ ኤ»።

የአባትዎን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። በቀኝ ትከሻቸው በኩል፣ ከአፈሙዙ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከቀለበቱ ሥር የወጣች አጭር ብረት ትታያለች። የሳንጃ መግጠሚያው ነው። የሳንጃ መግጠሚያ የመጣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል ስለሆነ፣ አባትዎ የያዙት ወይ በመጨረሻ ላይ የተሠራ ነው፣ ወይም፣ ይህ የበለጠ ይመስለኛል፣ ቀደም ብሎ ተሠርቶ በእድሳት ያለፈ ነው። ቃኘው ኮሪያ ላይ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት ሥር ነው የተመደበው፤ መሣሪያውንም ከአሜሪካኖቹ ነው የተረከበው። የተረከበው ደግሞ እንዲህ የታደሰውን፣ የተቀላቀለውን ነው።

ይህ ማለት ሰብሳቢው «ክፍሉ አንድ አይደለም» ብሎ የሚቀንስበት ጠመንጃ ለእርስዎ ትክክለኛው ጠመንጃ ነው ማለት ነው። አዲሱ ቅጂ፣ ባሳዩኝ ፎቶ፣ ቀላሉ ማነጣጠሪያና የሳንጃ መግጠሚያ የሌለው ቀለበት ነው ያለው፤ የ1943ን መልክ እንጂ አባትዎ የያዙትን መልክ አልያዘም። ከፍ ያለ ገንዘብ ተከፍሎ ሁሉም ክፍል የአንድ ፋብሪካ የሆነበት «ንጹሕ» ካርባይን ቢገዙም እንዲሁ ከፎቶው ይርቃሉ። እንዲያውም ከእነዚህ «ንጹሖች» ብዙዎቹ በቅርብ ጊዜ ክፍል እየተለቀመ የተስተካከሉ ናቸው።

ወደ ሦስተኛው ልሂድ፣ ከኢትዮጵያ ወደመጣው። በአገራችን ካርባይን እንደ ምንሽር፣ እንደ ውጅግራ በቀረርቶ የገነነ ስም የለውም። ይሁንና በወታደሩም በፖሊሱም እጅ ቆይቷል። ከነዚህ ከተመለሱት በርከት ያሉ በእጄ አልፈዋል። አንዱን አልረሳውም። እንጨቱ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ የጠገነው ሰው ከቆርቆሮ ጣሳ ቆርጦ ዙሪያውን ጠቅልሎ በትንንሽ ሚስማር መትቶታል። ሚስማሮቹ እኩል ተራርቀው፣ ራሳቸው ተሞርዶ ከቆርቆሮው ጋር ተስተካክሏል። ስተኩስበት ንቅንቅ አላለም። አምጪው «አዲስ እንጨት ግጠምልኝ» ሲለኝ ለምኜ አስተውኩት። የእርስዎንም ስንጥቅ በፎቶ አይቻለሁ፤ ከኋላ በኩል፣ ከማንገቻው ቀዳዳ በታች ነው፣ ሪሲቨሩን አይነካም። በጥሩ ሙጫ የሚያዝ ነው። እንጨቱን አይቀይሩት፣ በብርጭቆ ወረቀትም አይፋቁት። የቀድሞው ሰው እጅ ያለሰለሰው ቦታ ከተፋቀ አይመለስም።

አፈሙዙ ላይ የአስመጪው ስምና ከተማ በትንንሽ ፊደል ተቀርጿል፤ ሕጉ ያስገድዳል። ሰብሳቢ ይህን አይቶ ዋጋ ይቀንሳል፣ 1,050 የሆነውም በከፊል ለዚህ ነው። ለእርስዎ ግን ያ ጽሑፍ ከደረሰኙ ጋር ሲያያዝ ጠመንጃው ኢትዮጵያ ደርሶ መምጣቱን የሚያስረዳ ማስረጃ ነው። ሌላው እንደ ጉድለት የሚያየውን እርስዎ በቅናሽ እየገዙት ነው።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቅ አለብኝ፣ የምትፈልገውን ነገር ማመን ቀላል ስለሆነ። ሻጩ «ይህ ኮሪያ የዘመተ ነው» ቢልዎ በዚያ ቃል ላይ አንድ ዶላር አይጨምሩ። ኢትዮጵያና አሜሪካ በግንቦት 1953 የጦር መሣሪያ እርዳታ ስምምነት ተፈራርመዋል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ የአሜሪካ መሣሪያ በቀጥታ ወደ አገር ገብቷል። አንድ ካርባይን በቃኘው ወታደር እጅ ነበር ለማለት ቁጥሩ የተጻፈበት የዚያን ጊዜ ወረቀት ያስፈልጋል። ያለ ወረቀት የሚነገረው ታሪክ የጠመንጃው ሳይሆን የሻጩ ነው። ለልጅዎም ሲያወርሱት «አያትህ የያዙትን የመሰለ፣ በአገራችን ያገለገለ» ይበሉት፤ ይህ እውነት ነው፣ ይበቃልም።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። የፌዴራሉ ደንብ 50 ዓመት ያለፈውን ጠመንጃ በቅርስነት ይመድበዋል፤ ቅጂን ግን በግልጽ ያወጣዋል። ለሰብሳቢዎች የሚሰጥ ፈቃድ አለ፣ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው፤ የድሮዎቹን ሁለቱን በዚያ መግዛት ይቻላል፣ አዲሱን አይቻልም። የክፍለ ግዛት ሕግ ይለያያል፤ ልጅዎ ሌላ ክፍለ ግዛት ከሆነ የሚኖረው፣ የውርሱን ጉዳይ የዚያን አገር ጠበቃ ይጠይቁ።

ሦስተኛውን ከመግዛትዎ በፊት መለኪያ ያለው ጠጋኝ ዘንድ ይውሰዱት። ሁለት ልኬት ነው የምፈልገው። አንዱ ቦልቱ ሲዘጋ ለጥይቱ የሚተርፈው ክፍተት ነው፤ የመጨረሻው መለኪያ ገብቶ ቦልቱ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋበት ጠመንጃው አይተኮስም። ሌላው የአፈሙዙ ውስጥ ነው፤ ጥርሱ (ጥይቱን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ መስመር) ጥርት ብሎ ይታያል ወይ፣ ጫፉስ በጽዳት ዘንግ ተበልቷል ወይ? በዚህ በኩል ተስፋ አለዎት፤ የአሜሪካ ሠራዊት የካርባይን ጥይት ከመጀመሪያው ጀምሮ አፈሙዝ የማያዝግ ነው፣ ለዚህም በእድሜው ካሉት ሌሎች ጠመንጃዎች ይልቅ የካርባይን አፈሙዝ ደህና ሆኖ ይገኛል። የጋዙን ፒስተንም (በተኩሱ ጋዝ እየተገፋ ጠመንጃውን የሚያቀባብለውን ትንሽ ብረት) ይዩት፤ አፈሙዙን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያዘነብሉት ቀጭ ቀጭ እያለ በነጻ መንቀሳቀስ አለበት። ዝም ካለ ተጣብቋል፣ ሊላቀቅ ይችላል፣ ግን የጠጋኙን ዋጋ ከ1,050 ላይ ያስቀንሱ። ሞላዎቹን ምንም ቢመስሉ በአዲስ ይቀይሩ፣ የወጡትንም በላስቲክ አድርገው ያስቀምጡ።

ሁለቱንም ልኬት ካለፈ ይግዙት፤ እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። ከወደቀ ግን ለትዝታ ብለው የማይተኮስ ብረት አይውሰዱ፤ ወደ ኢንላንዱ ይመለሱ። ኢንላንድ ከሁሉም ተቋራጮች የበለጠ፣ ወደ 2.6 ሚሊዮን ገደማ፣ ስለሠራ ብርቅ አይደለም፤ ክፍሎቹም የተቀላቀሉ ናቸው። 1,450 ብለው ይጀምሩ፣ ከ1,500 በላይም አይውጡ። እንጨቱ ሲወጣም የሪሲቨሩንና የአፈሙዙን ሥር ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ አየዋለሁ።